ጣሊያን አገር ጂም ለምትገቡ፦ የስፖርት ጣሊያንኛን ከባዶ የመጀመሪያ መመሪያ

ጣሊያን አገር የሚኖሩ ወይም ለትምህርት ሊሄዱ የተዘጋጁ ሰዎች በየጊዜው አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ጂም ተመዝግቤያለሁ፤ ግን አሠልጣኙ የሚለው አይገባኝም። ማሽኑ ላይ ያለውን ሰው ጨርሰህ ነው ወይ ልለው ስል ደግሞ ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ላጥና?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት።

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው የሰውነት ክፍሎችን ስም በመሸምደድ ነው። ቃላቱ አይጎዱም። ግን ጂም ውስጥ ቀድሞ የሚፈትናችሁ ጆሮ ነው። አሠልጣኙ «ጉልበትህን እጠፍ፣ ጀርባህን ቀጥ አድርግ» ሲል ወዲያው ካልገባችሁ፣ ትርጉሙን የምታስቡት ክብደት ተሸክማችሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ አፍ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት።

የሚያስፈልጋችሁ

- ስልክ። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ በኪቦርዱ ላይ ጣሊያንኛ ጨምሩ፤ የድምፅ ጽሕፈቱንም (የተናገራችሁትን ሰምቶ የሚጽፈውን) ክፈቱ።
- ኪስ የምትገባ ደብተርና እርሳስ። እርሳስ ያልኩት የብዕር ቀለም በላብ ስለሚለቅ ነው።
- የጆሮ ማዳመጫ።
- ጂሙ የሚሰጣችሁ የሥልጠና ወረቀት። ስሙ «ስኬዳ» ነው። ገና ካልተመዘገባችሁ ኋላ ይደርሳል።
- ፎጣና ትንሽ የቁልፍ ጓጉንቸር። ለጥናቱ አይደለም። ብዙ ጂሞች ያለ ፎጣ አያስገቡም፤ የልብስ ሳጥኑንም የምትቆልፉት በራሳችሁ ቁልፍ ነው። ፎጣው «አሽሹጋማኖ»፣ ቁልፉ «ሉክኬትቶ»፣ ሳጥኑ «አርማዲዬትቶ»፣ ልብስ መቀየሪያው «ስፖልያቶዮ» ይባላል።

ደረጃ 1፦ አጻጻፌን እወቁ

ጣሊያንኛውን በፊደላችን ነው የጻፍኩት። ሦስት ነገር ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ፊደል ሁለቴ ከተደጋገመ ጠብቆ ይነበባል። «ሴቴ» ላልቶ ጥማት ነው፤ «ሴትቴ» ጠብቆ ሰባት ነው። «ፓላ» አካፋ፣ «ፓልላ» ኳስ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ ያስገባናል፣ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ነገር ይሆናል። ያንኑ ጆሮ ተጠቀሙበት።

ሁለተኛ፣ «ትስ» ብዬ የጻፍኩት አንድ ድምፅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ የምንለውን ጣሊያኖቹ «ፒያትሳ» ይሉታል፤ እንደዚያ ማለት ነው። እንደ ጸ አታፈንዱት። ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ የሚባሉ ድምፆችም ጣሊያንኛ ውስጥ የሉም። ሁልጊዜ ት፣ ክ፣ ች፣ ፕ ነው።

ሦስተኛ፣ ቃል በ«ስ» ሲጀምር «እ» አትጨምሩበት። እስፖርት ማለት የለመደ አፍ «ስፓልላ»ን (ትከሻን) «እስፓልላ» ይለዋል። የቃሉን የመጨረሻ አናባቢም አትዋጡት። ወንድና ሴት፣ ነጠላና ብዙ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ፈትኑት። የስልኩን የድምፅ ጽሕፈት በጣሊያንኛ ክፈቱና «ኦ ሴቴ» (ጠማኝ) በሉ። ቀጥላችሁ «ሴትቴ» በሉ። ስልኩ ሁለት የተለያየ ነገር ከጻፈ አጠራራችሁ ደህና ነው። ሁለቱንም አንድ አድርጎ ከጻፈ ድገሙ። ከዚህ በታች ያለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በዚህ መንገድ አሳልፉት። ስልክ አያዝንላችሁም፤ ሰው ግን በይሉኝታ «ገብቶኛል» ይላችኋል። የላቲኑን አጻጻፍም ከስልኩ ላይ ገልብጣችሁ ደብተር ላይ ታሰፍራላችሁ።

ደረጃ 2፦ እየሠራችሁ ቁጠሩ

ቁጥር ቁጭ ብሎ አይጠናም። ቤት ውስጥ ፑሽ አፕ ስትሠሩ ወይም ደረጃ ስትወጡ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ፣ ኳትትሮ፣ ቺንኴ፣ ሴይ፣ ሴትቴ፣ ኦትቶ፣ ኖቬ፣ ዲዬቺ። ከዚያ በላይ መጀመሪያ የሚያስፈልጓችሁ ዶዲቺ (12)፣ ኲንዲቺ (15)፣ ቬንቲ (20)፣ ትሬንታ (30) እና ኖቫንታ (90) ናቸው። ሥልጠና ወረቀት ላይ የሚደጋገሙት እነዚህ ናቸው።

እየሠራችሁ መቁጠሩ ለምን? ትንፋሽ ሲያጥርና ሐሳብ ሲበተን የሚወጣው ቃል በእርግጥ የያዛችሁት ቃል ነው። ሰው ጋር ስታወሩም የምትሆኑት እንደዚያው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሴስሳንታ» 60 ነው፤ «ሴትታንታ» 70 ነው። ልዩነቱ አንድ ተነባቢ ብቻ ነው። ባርቤል (ክብደት የሚሰካበት ረጅም ብረት) ላይ ክብደት የሚጭንላችሁ ሰው 60 ኪሎ ብላችሁት 70 ከሰማ ቀልድ አይደለም። ሁለቱን ቁጥሮች ስትናገሩ በጣት ወይም በስልክ ጭምር አሳዩ። ሌላ ሰው ሲናገራቸው ደግሞ «ሴይ ዜሮ?» (ስድስት ዜሮ?) ብላችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ ትእዛዝ መስማት

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይሄ ነው።

አሠልጣኝ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይናገርም። አጫጭር ትእዛዝ ነው የሚወረውረው። ሙዚቃ እየጮኸ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ። ስለዚህ ቃሉን በጽሑፍ ማወቃችሁ ብዙ አይረዳም፤ ሰውነታችሁ ቃሉን ሲሰማ መንቀሳቀስ አለበት።

መጀመሪያ እነዚህን ያዙ፦

- «ሱ» ወደ ላይ። «ጁ» ወደ ታች።
- «ሳሊ» ውጣ፣ ተነሣ። «ሼንዲ» ውረድ።
- «ስፒንጂ» ግፋ። «ቲራ» ሳብ።
- «ቲዬኒ» ያዝ፣ እንዳለህ ቆይ።
- «ፒያኖ» ቀስ በል።
- «ኢንስፒራ» አየር አስገባ። «ኤስፒራ» አየር አስወጣ።
- «ፒዬጋ ሌ ጂኖክኪያ» ጉልበትህን እጠፍ።
- «ስኪዬና ድሪትታ» ጀርባ ቀጥ።
- «ስፓልሌ ባስሴ» ትከሻ ዝቅ።
- «ጎሚቲ ስትሬትቲ» ክርን ወደ ሰውነት ጠጋ።
- «ዝጓርዶ አቫንቲ» ዓይን ወደ ፊት።
- «አንኮራ ዱዌ» ሁለት ቀርቷል።
- «ሉልቲማ» የመጨረሻዋ።
- «ዳይ!» እና «ፎርትሳ!» በርታ፣ አይዞህ።

«ስፒንጂ» እና «ቲራ»ን ለመለየት ከተቸገራችሁ በሮችን ተመልከቱ። ጣሊያን ውስጥ ሱቅና ባንክ በር ላይ «ስፒንጄሬ» እና «ቲራሬ» ተብሎ ተጽፏል። በገባችሁና በወጣችሁ ቁጥር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የሚያስቀውን ሰው ተዉት።

አሁን ልምምዱ፦

1. ዩቲዩብ ላይ «አልሌናሜንቶ አ ካዛ» (የቤት ውስጥ ስፖርት) ብላችሁ በድምፅ ፈልጉ። የአሥር ወይም የአሥራ አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ምረጡ። አሠልጣኙ ዝም ብሎ የሚሠራበትን ሳይሆን እያወራ የሚያሠራውን።
2. አንድ ጊዜ እያያችሁ ሥሩ። ምንም አትጻፉ።
3. በማግሥቱ ያንኑ ቪዲዮ ስልኩን በፊቱ ደፍታችሁ በድምፅ ብቻ ሥሩ። የሳታችሁት እንቅስቃሴ ያልገባችሁን ቃል ያሳያችኋል።
4. ያልገባችሁን ቦታ ብቻ መልሳችሁ አዳምጡና ቃሉን ደብተር ላይ ጻፉ።
5. ያለ ምስል ሳትሳሳቱ እስክትሠሩ ቪዲዮውን አትቀይሩ።

አምስተኛው ላይ ነው ሰው የሚያጭበረብረው። በየቀኑ አዲስ ቪዲዮ መክፈት ደስ ይላል። ግን ጆሮ የሚከፈተው ያንኑ ነገር ደጋግሞ ሲሰማ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ልምምድ ያለ ክብደት ብቻ ሥሩት። ቋንቋ እየተማራችሁ ከባድ ነገር አታንሡ።

ደረጃ 4፦ ሐኪምና መመዝገቢያ

ብዙ ጂሞች ከመመዝገባችሁ በፊት የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ። ውድድር ለማይገባ ሰው የሚሰጠው ወረቀት ለአንድ ዓመት ያገለግላል። የቤተሰብ ሐኪማችሁ («ሜዲኮ ዲ ባዜ») ወይም የስፖርት ሐኪም ይጽፈዋል። የደም ግፊት ይለካል፣ የልብ ምርመራም አለው፤ ምርመራው «ኤሌትትሮካርዲዮግራምማ» ይባላል። ለሐኪሙ እንዲህ በሉት፦

«ሚ ሴርቬ ኡን ቼርቲፊካቶ ሜዲኮ ፔር ላ ፓሌስትራ።» ለጂም የሐኪም ወረቀት ያስፈልገኛል።

እሱም መልሶ ይጠይቃችኋል። «ፉማ?» (ያጨሳሉ?)፣ «ፕሬንዴ ፋርማቺ?» (መድኃኒት ይወስዳሉ?)፣ «ኳንቲ አንኒ ኣ?» (ዕድሜዎ ስንት ነው?)። በመጨረሻው ላይ ተጠንቀቁ። «አንኒ» ጠብቆ ነው ዓመታት የሚሆነው። ላልቶ ከወጣ ሐኪም ፊት በስሙ የማይጠራ የሰውነት ክፍል ነው። ሠላሳ ዓመቴ ነው ለማለት «ኦ ትሬንታንኒ»፤ «ን»ን ረገጥ አድርጉ።

ጂሙ መመዝገቢያ ላይ እነዚህ ይበቃሉ፦

- «ኳንቶ ኮስታ ላብቦናሜንቶ ሜንሲሌ?» የወር ክፍያው ስንት ነው?
- «ቼ ኡና ኩዎታ ዲስክሪትስዮኔ?» የመመዝገቢያ ክፍያ አለው? ይህን ካልጠየቃችሁ ማስታወቂያው ላይ ካያችሁት ዋጋ በላይ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።
- «ፖስሶ ፋሬ ኡና ፕሮቫ?» አንድ ጊዜ መሞከር እችላለሁ?
- «ኢል ሪንኖቮ ኤ አውቶማቲኮ?» በራሱ ይታደሳል?

የመጨረሻው ጥያቄ ገንዘብ ያድናል። በራሱ የሚታደስ ውል ላይ ከፈረማችሁ፣ መሄድ ብታቆሙም ክፍያው ከባንክ መቆረጡን ይቀጥላል። ማቋረጥ «ዲዝዴትታ» ይባላል። ከመፈረማችሁ በፊት «ኮሜ ፋችቾ ላ ዲዝዴትታ?» (እንዴት ነው የማቋርጠው?) ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ውሉ ላይ በጣት አስነኩ። «ደውልልን፣ ይበቃል» ቢሏችሁ እንኳ የሚይዘው በጽሑፍ ያለው ነው።

ሐኪምና መመዝገቢያ ዘንድ «ስኩዚ» በሉ፤ የእርስዎ አነጋገር ነው። ጂም ውስጥ ከእኩዮቻችሁ ጋር «ስኩዛ»፤ ይህ የአንተና የአንቺ ነው። ጣሊያን ጂም ውስጥ ሁሉም ሰው አንተ አንቺ ይባባላል። ሸምገል ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ግን በ«ስኩዚ» ጀምሩ። «ዲያሞቺ ዴል ቱ» ካላችሁ «አንተ በለኝ» ማለቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ ማለት ያራርቃል።

ደረጃ 5፦ ስኬዳውን ማንበብ

አሠልጣኙ የሚጽፍላችሁ ወረቀት ላይ «3 × 12» የሚል ታያላችሁ። ሲነበብ «ትሬ ፔር ዶዲቺ» ነው። ሦስት ዙር («ሴሪዬ»)፣ በእያንዳንዱ ዙር አሥራ ሁለት ጊዜ («ሪፔቲትስዮኒ»)። አጠገቡ 90 ካለ ዕረፍቱ ዘጠና ሰከንድ ነው፤ ዕረፍት «ሬኩፔሮ»፣ ሰከንድ «ሴኮንዲ»። «ፔር ጋምባ» ካለ ቁጥሩ ለእያንዳንዱ እግር ነው። ይህን ያላየ ሰው ግማሹን ሠርቶ ይሄዳል። «አ ቼዲሜንቶ» ማለት ሌላ አንድ እንኳ መድገም እስኪያቅት ድረስ ማለት ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ይህን ቃል ስታዩ አሠልጣኙን ጥሩ።

የመሣሪያዎቹ ስም፦ «ማኑብሪ» የእጅ ክብደቶች፣ «ቢላንቼሬ» ባርቤል፣ «ዲስኪ» ክብ ክብደቶች፣ «ፓንካ» መተኛ አግዳሚ፣ «ታፒ ሩላን» የመሮጫ ማሽን፣ «ሲክሌት» የቆመ ብስክሌት፣ «ቮጋቶሬ» የቀዘፋ ማሽን። ማሽን በጥቅሉ «ማክኪና» ነው። አዎ፣ ያው ማኪና። ጣሊያኖቹም መኪናን በዚሁ ቃል ይጠሩታል፤ «ላ ማክኪና ኤ ሊቤራ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ስለ ፓርኪንግ የሚመስለው ሰው የለም።

የእንቅስቃሴዎቹ ስም፦ «ፍሌስስዮኒ» ፑሽ አፕ፣ «አድዶሚናሊ» የሆድ፣ «ትራትስዮኒ» ተንጠልጥሎ መሳብ፣ «አፍፎንዲ» ወደ ፊት ተራምዶ ጉልበት ማጠፍ፣ «ስታክኮ ዳ ቴርራ» ባርቤልን ከመሬት ማንሣት፣ «ሪስካልዳሜንቶ» ማሟሟቅ። ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት) እና ፕላንክ (በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ስማቸው እንዳለ ነው።

እነዚህን በየመሣሪያው አጠገብ ቆማችሁ አጥኗቸው። የስኬዳውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ ወደ ማሽኑ ስትራመዱ ስሙን በሉ። ማሽኑን ማየት ብቻውን ቃሉን እስኪያስታውሳችሁ ድረስ።

የተለጠፈ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር እወቁ። «ፉዎሪ ሴርቪትስዮ» ወይም «ጓስቶ» ካለ ተበላሽቷል፣ አትንኩ። «ሪሜትቴሬ ኢ ፔዚ አ ፖስቶ» ካለ ክብደቱን ቦታው መልሱ ነው። ሁለተኛውን የማያከብር ሰው ምንም ያህል ጣሊያንኛ ቢችል አይወደድም።

ደረጃ 6፦ ማሽን መጋራት

ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ነገሩ ግን አራት ዓረፍተ ነገር ነው።

- «ስኩዛ፣ ስታይ ኡዛንዶ ኴስታ ፓንካ?» ይቅርታ፣ ይህን አግዳሚ እየተጠቀምክበት ነው?
- «ኳንቴ ሴሪዬ ቲ ማንካኖ?» ስንት ዙር ቀረህ?
- «ቺ አልቴርኒያሞ?» ተራ በተራ እንሥራ?
- «ሚ ዳይ ኡና ማኖ?» ትረዳኛለህ? (ባርቤሉ ከከበዳችሁ)

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ኔ ኦ አንኮራ ዱዌ» (ሁለት ይቀረኛል)፣ «ኤ ሉልቲማ» (የመጨረሻዬ ናት) ወይም «ሲ፣ ሲ፣ ፕሬንዲላ ፑሬ» (አዎ፣ ውሰጃት፣ ውሰዳት) ነው። ከነዚህ ውጭ ሌላ ነገር ብዙም አይመጣም። ስለዚህ መልሱንም አብራችሁ አጥኑ። ጥያቄ ብቻ የያዘ ሰው ጠይቆ መልሱ ሲመጣ ፈገግ ብሎ ይቆማል።

«ኳንቴ ሴሪዬ ቲ ማንካኖ?» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ማለት ተለማመዱ። ቃል በቃል እየቆረጣችሁ ካላችሁት ሰውየው ጆሮ ላይ የገባው ሙዚቃ ይውጠዋል። እጃችሁን ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ ማዳመጫውን ያወጣል፤ ከዚያ ተናገሩ።

ደረጃ 7፦ አመመኝ ማለት

ይህን ሳትይዙ ከባድ ክብደት አትንኩ። ሌላው ዓረፍተ ነገር ቢቀርባችሁ ታፍራላችሁ፤ ይሄኛው ቢቀርባችሁ ትጎዳላችሁ።

ደስ የሚለው ነገር አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ አይቸገርም። እኛ «ጉልበቴን ያመኛል» እንላለን፤ አድራጊው ሰውየው አይደለም። ጣሊያንኛውም እንደዚያው ነው። «ሚ ፋ ማሌ ኢል ጂኖክኪዮ»፤ ጉልበቴን ያመኛል። የሚያመው ከአንድ በላይ ከሆነ «ፋ» ወደ «ፋንኖ» ይቀየራል። «ሚ ፋንኖ ማሌ ሌ ጂኖክኪያ»፤ ጉልበቶቼን ያመኛል።

የሚያመውን ቦታ እየቀያየራችሁ ድገሙት፦ «ላ ስኪዬና» ጀርባ፣ «ላ ስፓልላ» ትከሻ፣ «ኢል ፖልሶ» የእጅ አንጓ፣ «ላ ካቪልያ» ቁርጭምጭሚት፣ «ኢል ፔትቶ» ደረት፣ «ኢል ኮልሎ» አንገት። እጅ ላይ ግን ብልሃት አለ። «ኢል ብራችቾ» አንድ ክንድ ነው፤ ሁለቱ «ሌ ብራችቻ» ይሆናሉ። ጉልበትም እንደዚሁ «ኢል» ሆኖ ጀምሮ «ሌ» ይሆናል። ለምን ብላችሁ አትድከሙ፣ አንድ ላይ ያዙት።

ተጎዳሁ ለማለት ሌላ ነው። «ሚ ሶኖ ፋትቶ ማሌ አልላ ካቪልያ»፤ ቁርጭምጭሚቴን ተጎዳሁ። ሴት ከሆናችሁ «ፋትታ»። ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል? አሠልጣኙ «ሚ ፋ ማሌ» ሲሰማ ክብደት ሊቀንስላችሁ ይችላል፤ «ሚ ሶኖ ፋትቶ ማሌ» ሲሰማ ግን ሥራውን አስቁሞ ያያችኋል።

አስቸኳይ ሲሆን፦

- «ባስታ!» በቃ!
- «አዩቶ!» እርዱኝ!
- «ሚ ጂራ ላ ቴስታ» ያዞረኛል።
- «ኖን ሬስፒሮ ቤኔ» በደንብ መተንፈስ አልቻልኩም።
- «ኪያማቴ ኡናምቡላንትሳ!» አምቡላንስ ጥሩ!

የአደጋ ስልክ 112 ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረት ሲያም ወይም ራስ ሲያዞር ዓረፍተ ነገር ለማስተካከል አትሞክሩ። ቁጭ በሉ፣ የሚያመውን ቦታ በእጅ አሳዩ፣ አንድ ቃል በሉ። ሰዋስው ነገ ይደርሳል።

ከሥራ በኋላ ያለው ተራ ሕመም ግን ሌላ ስም አለው። «ሶኖ ኢንዶሌንትሲቶ» (ለሴት «ኢንዶሌንትሲታ») ማለት ጡንቻዬ ተሳስሯል ነው። «ኦ ኢል ፊያቶኔ» አለከለኩ። «ሶኖ ስታንኮ ሞርቶ» (ለሴት «ስታንካ ሞርታ») ከድካም የተነሣ ሞቻለሁ።

ደረጃ 8፦ ወሬ

ሁለት ሦስት ጊዜ ያያችሁ ሰው ያወራችኋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ዳ ኳንቶ ቲ አልሌኒ?» ነው፤ መሥራት ከጀመርክ ስንት ጊዜ ሆነህ? መልሱ «ሚ አልሌኖ ዳ ዱዌ ሜዚ»፤ ሁለት ወር ሆነኝ። ግሡን በኀላፊ ጊዜ አታድርጉት። አሁንም እየሠራችሁ ስለሆነ ጣሊያንኛ የአሁኑን ይፈልጋል፤ በኀላፊ ካላችሁት ያቆማችሁ ይመስላል።

- «ሚ አልሌኖ ትሬ ቮልቴ አልላ ሴትቲማና» በሳምንት ሦስት ቀን እሠራለሁ።
- «ኦጅጂ ፋችቾ ጋምቤ» ዛሬ እግር ነው የምሠራው። በ«ጋምቤ» ፈንታ «ፔትቶ» ወይም «ስኪዬና» ማስገባት ይቻላል። የጂም ልጆች የሚሉት እንዲህ ነው።
- «ቫዶ አ ኮርሬሬ» ልሮጥ ነው። ሚላኖ ፖርታ ቬኔትስያ አካባቢ ያላችሁ፣ አጠገቡ ያለው የሞንታኔልሊ መናፈሻ ውስጥ ሯጭ አይጠፋም፤ ሮማ ደግሞ ቪልላ ቦርጌዜ አለላችሁ። ለማውራት ከጂም ይልቅ ይቀልላል፤ ሙዚቃ የለም።

ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ሲሰሙ ወሬው ወደ ሩጫ መዞሩ አይቀርም። አበበ ቢቂላ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የሚያነሣ ሰው ታገኛላችሁ። «ኮርሪ አንኬ ቱ?» (አንተም ትሮጣለህ?) ይሏችኋል። የማትሮጡ ከሆነ «ማጋሪ!» በሉ። «ምነው በሆነልኝ» ነው። ይህቺ አንዲት ቃል ከብዙ ዓረፍተ ነገር በላይ ታስቃቸዋለች።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

«ጂንናዚዮ» ጂም አይደለም። ትምህርት ቤት ነው። ጂም «ፓሌስትራ» ነው፤ እሄዳለሁ ሲባልም «ቫዶ ኢን ፓሌስትራ»።

«ሶኖ ካልዶ» ብላችሁ ሞቀኝ ለማለት አትሞክሩ። የፍትወት ትርጉም አለው፤ ጂም ውስጥ ደግሞ ይባስ። «ኦ ካልዶ» ነው የሚባለው። ጠማኝ «ኦ ሴቴ»፣ ራበኝ «ኦ ፋሜ»፣ በረደኝ «ኦ ፍሬድዶ»። አራቱንም በ«ኦ» ጀምሩ።

«ሶኖ ፊኒቶ» ጨረስኩ አይደለም። አለቀልኝ፣ አበቃልኝ ነው። ማሽኑን ለቅቃችሁ ስትነሡ «ኦ ፊኒቶ»።

«ጆኮ» ለሁሉም ስፖርት አይሠራም። ኳስ «ጆኮ አ ካልቾ» ነው፤ ዋናና ክብደት ግን «ፋችቾ ኑዎቶ»፣ «ፋችቾ ፔዚ» ይባላሉ።

ሴቶች ከወንድ ጓደኛ ወይም ከወንድ አሠልጣኝ ስለሚሰሙ «ስታንኮ» ብለው ይለምዱታል። «ስታንካ» ነው። ወንዶችም በተቃራኒው።

ሌላው፣ ካልገባችሁ «ሲ፣ ሲ» ማለት። በዚህ የሚጎዳ ሰው ብዙ ነው። «ኖን ኦ ካፒቶ፣ ሜ ሎ ፋይ ቬዴሬ?» በሉ፤ አልገባኝም፣ ታሳየኛለህ? ማለት ነው። አሠልጣኝ ማሳየት ሥራው ነው፤ ሦስቴም ብትጠይቁት አይከፋውም።

ለመከለስ

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። መጀመሪያ ደረጃ 1፣ 2 እና 3 ቤት ውስጥ። ትእዛዞቹ ያለ ምስል ሲገቧችሁ ደረጃ 7ን ያዙ፤ ከዚያ ተመዝገቡ። ደረጃ 5 እና 6 ጂሙ ውስጥ ራሱ ይገባሉ። በእያንዳንዱ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡና ለእውነተኛ ሰው ሳትሉት እንዳትወጡ፤ ለአሠልጣኙም ይሁን ለጽዳት ሠራተኛዋ። የሰማችሁትን አዲስ ቃል ሻወር ከመግባታችሁ በፊት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጻፉት። ውኃው ከነካችሁ በኋላ አታስታውሱትም።